በሩን የዘጉት እናት በድለዋልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የታኅሣሥ 19 የመልአኩ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከየአገሩ ወደ ሐዋሳ የመጣው ምእመን ወደየመጣበት ተመልሶ ከተማችን ጸጥ ባለች ጊዜ፣ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ በዐጸዱ ጥላ ሥር አስቁመው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ዲያቆን ልጄ፣ ልጇን በሌሊት ከደጅ ያሳደረች እናት ሥጋ ወደሙ ትቀበላለች?» አሉኝ። በመጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የሚጠይቁ መስሎኝ ነበር። ዐይናቸውን ባየሁ ጊዜ ግን ስለ ራሳቸው መሆኑን ዐወቅሁ።

ታሪካቸው የብዙ ቤት ታሪክ ስለ ሆነ ማንነታቸውን የሚገልጠውን ሁሉ ትቼ ፍሬ ነገሩን ብቻ እነግራችኋለሁ። ዕድሜው ከሃያ ያለፈ ልጃቸው ትምህርቱን አቋርጦ ቀኑን በጫት ቤት፣ ምሽቱን በውርርድ ቤት፣ ሌሊቱን በመጠጥ ቤት ማሳለፍ ከጀመረ ቆይቷል። አስቀድሞ ከእናቱ ቦርሳ ጥቂት ብር ጠፋ፤ ቀጥሎ የጋዝ ሲሊንደሩ፤ ከዚያም የሟች አባቱ ካፖርት። እናት አለቀሱ፣ መከሩ፣ ስእለት ተሳሉ፤ «እንዳይሰርቅ» ብለውም በየቀኑ ገንዘብ ሰጡት። በመጨረሻ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተማክረው፣ በአንድ እሑድ ቀትር፣ ልጁ ከምርቃና ነጻ በሆነበት ሰዓት፣ ምሳ አብልተው ሦስት ነገር ነገሩት። ከዛሬ ጀምሮ ገንዘብ በእጅህ አይሰጥህም፤ ምግብህና ልብስህ ግን አይጓደልም። ጫትና መጠጥ ከዚህ ደጃፍ አይገባም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በሩ አይከፈትም፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ግን ይከፈታል።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ከሌሊቱ 7 ሰዓት መጥቶ በሩን ደበደበ። እናት በመስኮት ሆነው «ቁርስህ በ12 ሰዓት ይጠብቅሃል» አሉት እንጂ አልከፈቱለትም። ልጁ ከግቢው ዘበኛ ዘንድ አደረ። እናቱም ከበሩ ሥር ተቀምጠው እስኪነጋ ሲያለቅሱ አደሩ።

ወሬው በሰፈር ተሰማ። በጽዋ ማኅበሩ ላይ «እናት እንዲህ አትጨክንም» ተባለ። ብዙዎች የሚያከብሩት አንድ ሰውም «ለልጅዎ በር ዘግተው እንዴት የእግዚአብሔር በር ይከፈትልኛል ይላሉ?» አሏቸው። እኚህ እናት ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ሥጋ ወደሙ አልቀረቡም።

ስለ መቀበልና ስላለመቀበል የመወሰን ሥልጣን የካህን እንጂ የእኔ የዲያቆኑ አይደለም፤ ስለዚህ ወደ ንስሐ አባታቸው ላክኋቸው። ይህን የምጽፈው ግን ለእርሳቸው ሳይሆን ለፈረዱባቸው ነው። የምለውም በግልጥ ይህ ነው፦ እኚህ እናት አልበደሉም። የበደልነው እኛ ነን።

ስንታገሥም ስንቆርጥም የምትከሰስ እናት

አበው የእንቁላሉን ታሪክ ሲነግሩን አድገናል። ልጁ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ መጣ፤ እናቱ ዝም አለች። ከእንቁላል ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ በሬ ዐደገ፤ በመጨረሻም ለሞት በተፈረደበት ቀን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ብሎ እናቱን ከሰሰ። ይህን ታሪክ በየጉባኤው እንተርካለን፤ በየቤቱም የጠፋ ልጅ ባየን ቁጥር እናቱን በእንቁላሉ እንከስሳታለን። ይኸው ጉባኤ ግን አንዲት እናት ተነሥታ «ከዛሬ ጀምሮ አይሆንም» ስትል ደግሞ «ጨካኝ» ይላታል። ስትታገሥ አሳዳጊ የበደለ ልጅ አሳደገች፤ ስትቆርጥ አንጀቷ ድንጋይ ሆነ። እንግዲህ ምን ታድርግ? ከሁለቱ ፍርዶቻችን አንዱ ሐሰት መሆን አለበት።

ሐሰቱ የትኛው እንደ ሆነ ቅዱሳት መጻሕፍት አይሰውሩንም። ካህኑ ዔሊን እንመልከት። ብዙዎቻችን ዔሊ ልጆቹን ዝም ብሎ ያለፈ ይመስለናል፤ ነገር ግን ዝም አላለም። አፍኒንና ፊንሐስ የመሥዋዕቱን ሥጋ በግፍ ሲወስዱ፣ በመገናኛው ድንኳን ደጃፍም ሲያመነዝሩ በሰማ ጊዜ ጠርቶ ገሥጿቸዋል፤ የሚያደርጉት በእግዚአብሔር ፊት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነም ነግሯቸዋል (1ኛ ሳሙ. 2፥22-25)። ታዲያ እግዚአብሔር በሕፃኑ በሳሙኤል አፍ የፈረደበት ስለ ምንድን ነው? ልጆቹ የሚሠሩትን እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው (1ኛ ሳሙ. 3፥13)። ዔሊ መከረ፤ ነገር ግን ከመሠዊያው አላራቃቸውም። ተናገረ፤ ነገር ግን ከሥልጣናቸው አንዲት ነገር አልቀነሰም። የእኛ ቤት ችግርም ይኸው ነው። የምክር ድህነት የለብንም፤ ምክሩ ተጥሶ ሲያድር በማግሥቱ ምንም ነገር አለመለወጡ ነው ድህነታችን። ልጁም ከጊዜ በኋላ የእናቱን ቃል እንደ ዝናብ ድምፅ መስማት ይለምዳል፤ ዝናቡ ያባራል፣ እርሱም ወደ መንገዱ ይሄዳል።

ዳዊትንም እንመልከት። ስለ አዶንያስ ሲነገር መጽሐፍ በመካከል አንዲት አጭር ነገር ያስገባል፦ አባቱ ከቶ አሳዝኖት፣ ስለ ሥራውም ጠይቆት አያውቅም ነበር (1ኛ ነገ. 1፥6)። ጎልያድን የጣለ እጅ፣ ልጁን «ይህን ስለ ምን አደረግህ?» ለማለት ዛለ። አምኖን በእኅቱ ላይ ያን ግፍ በፈጸመ ጊዜም ዳዊት እጅግ ተቈጣ፤ ከቁጣው በኋላ ግን ያደረገው አልተጻፈም (2ኛ ሳሙ. 13፥21)። የተጻፈው የአቤሴሎም በቀል፣ ከዚያም የአቤሴሎም ዐመፅ፣ ከዚያም የአባት ዋይታ ነው። ዳዊት ልጆቹን አልወደደም የሚል ማን ነው? እጅግ ወደዳቸው። ፍቅሩ ድንበር ስላልነበረው ግን ከልጆቹ ማንንም አላዳነም።

«የጠፋው ልጅ አባት በሩን አልዘጋም»

የሁለተኛው ክስ መነሻ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው የጠፋው ልጅ ምሳሌ ነው። «ያ አባት እጁን ዘርግቶ ጠበቀ እንጂ በር አልዘጋም» ይሉናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ምሳሌውን እስከ መጨረሻው እናንብበው።

ልጁ ገንዘቡን በሩቅ አገር በትኖ በተራበ ጊዜ አባቱ በባሪያዎቹ እጅ ስንቅ ላከለትን? አልላከለትም። ዕዳውን ከፈለለትን? አልከፈለለትም። የእሪያ እረኛ እንዳይሆን አማላጅ ሰደደለትን? አልሰደደም። ወንጌሉ ልጁ ወደ ልቡ የተመለሰበትን ቦታ በግልጥ ያሳየናል፤ በእሪያዎቹ መካከል፣ በረኃብ ውስጥ፣ የሚሰጠው ሰው በጠፋበት ሰዓት ነው። አባቱ ወርኃዊ ተቆራጭ ቢልክለት ኖሮ ልጁ እስከ ዛሬ በሩቅ አገር በኖረ ነበር። ያ አባት የከፈተው በር የመመለሻውን በር ነው። ለብክነቱ ግን አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልከፈተም። ልጁ ወደ ቤት ፊቱን ባዞረ ጊዜ ግን አባቱ የንስሐውን ንግግር እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀም፤ ሮጦ አቀፈው።

እኚህ እናት ያደረጉት ከዚህ በምን ይለያል? በሌሊት 7 ሰዓት ለምርቃናና ለስካር በሩን ዘጉ፤ በንጋት 12 ሰዓት ለልጃቸው ከፈቱ። ሁለቱን በአንድነት ማየት ያቃተን እኛ ነን።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ያደረገው ይህንኑ ነው። በነውር የተያዘውን ሰው ከማኅበሩ እንዲለዩት አዘዘ (1ኛ ቆሮ. 5)። በሁለተኛው መልእክቱ ደግሞ ቅጣቱ ይበቃዋልና በኀዘን ብዛት እንዳይዋጥ ይቅር በሉት፣ አጽናኑት፣ ፍቅራችሁንም አጽኑለት ብሎ አሳሰበ (2ኛ ቆሮ. 2፥6-8)። መለየቱንም መቀበሉንም ያዘዘው ያው አንድ አባት፣ በአንድ ልብ ነው።

«ቢሞትስ? ቢጠፋስ?»

ሦስተኛው ክስ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በቀላሉ ልናልፈውም አይገባንም። «ውጭ አድሮ አንዳች ነገር ቢደርስበትስ? ገንዘብ ስትከለክለው ቢዘርፍስ? ተናድዶ አገር ጥሎ ቢጠፋስ?» ይላሉ። ይህን የምትፈራ እናት እምነት ስላጣች አይደለም፤ እናት ስለ ሆነች ነው። ድንበር ካበጃችሁ ምንም ክፉ አይደርስም ብዬ ቃል ልገባላችሁ አልችልም። ነገር ግን ጥያቄውን ከሌላው ወገን ደግሞ እንጠይቅ፦ ድንበር ባይኖርስ ምን ይደርስበታል? ከፍርሃት የተነሣ በየቀኑ የሚሰጠው ገንዘብ ምጽዋት አይደለም፤ ለታገተ ሰው የሚከፈል ቤዛ ነው። አጋቹም ቤዛው ባደገ ቁጥር ልጁን አጥብቆ ይይዛል እንጂ አይለቅም።

ሆኖም እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን አጥብቀን ልንለይ ይገባል። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። በአገራችን የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ነው፤ እርሱን መመገብ፣ ማስጠለልና መጠበቅ የወላጅ ግዴታ ነው። ስለዚህ የ14 ዓመት ልጅን በሌሊት ውጭ ማሳደር ድንበር ሳይሆን መተው ነው። ለእርሱ ሌላ ድንበር አለ፦ ስልኩ፣ ገንዘቡ፣ የሚውልበት ቦታና ጓደኞቹ። ሙሉ ሰው የሆነውን ልጅ ግን እንደ ሕፃን መያዝ እርሱን ማዋረድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በተሰሎንቄ ሊሠሩ ስለማይወድዱ ሰዎች ያዘዘውን (2ኛ ተሰ. 3፥10) ለሌላው ሰው እያስተማርን ለራሳችን ልጅ ስንሆን የምናነሣው ለምንድን ነው?

ሁለተኛው ሕመም ነው። የማይሰማ ድምፅ የሚሰማ፣ ያለ ምክንያት የሚያሳድዱት የሚመስለው፣ ወይም «ራሴን አጠፋለሁ» የሚል ልጅ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የበር ሕግ ሳይሆን ሐኪም ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር የሚያስተምረን ስለዚህ ነው። ወደ ጠበል መውሰድ ወደ ሐኪም መውሰድን አይከለክልም፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለእኛም ልጆች የተሠሩ ናቸው። ሦስተኛው ብቻነት ነው፤ ይህን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

የሞኒካን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ነገር ግን እንባዋን ብቻ ነው የተነገረን። በሰሜን አፍሪካ በምትገኘው በታጋስት ትኖር የነበረችው ይህች እናት፣ ልጇ አውግስጢኖስ በማኒ የኑፋቄ ትምህርት ተይዞ በተመለሰ ጊዜ ከእርሷ ጋር በአንድ ቤት እንዳይኖርና በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጥ ከልክላው ነበር። ይህን የጻፈልን ራሱ አውግስጢኖስ በኑዛዜው ነው፤ እናቱን ለመክሰስ ሳይሆን ለማመስገን። ከዚያ በኋላ በሕልሟ በአንድ የእንጨት መለኪያ ላይ ቆማ፣ ልጇም በዚያው መለኪያ ላይ አብሯት ቆሞ አየች። በዚህ ተስፋ ተጽናንታ ወደ ቤቷና ወደ ማዕዷ መለሰችው፤ እርሱ ግን ገና አልተለወጠም ነበር። ዓመታት አልፈው በ387 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በሚላን በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። ይህች እናት ድንበር አበጀች፤ ድንበሩንም በተስፋ አላላች፤ ጸሎቷን ግን አንድም ቀን አላቋረጠችም። በሕልሟ ያየችው መለኪያ የትም አልሄደም፤ ወደ መለኪያው የመጣው ልጁ ነው።

ድንበር ዱላ አይደለም

አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ ሌላው ወገን አዞራለሁ። እስካሁን የተናገርሁትን ሰምታችሁ «እንዲህ ነው እንጂ! ልጅ በዱላ ነው» ብላችሁ የተደሰታችሁ አባቶች ካላችሁ፣ ስለ እናንተ አልተናገርሁም።

ልጅን በበርበሬ ማጠን፣ አስሮ መግረፍ፣ «የወለድሁህ አይደለህም» ማለት፣ ጡት አውጥቶ መራገም በብዙ ቤት እንደ ቅጣት ይቈጠራል። ይህ ግን ቅጣት ሳይሆን የወላጁ ሽንፈት በልጁ ገላ ላይ ሲጻፍ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ አባቶችን ልጆቻችሁን አታስቈጡ፣ ልባቸው እንዳይዝል ተጠንቀቁ ያለው (ኤፌ. 6፥4፤ ቈላ. 3፥21) ይህን አይቶ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት እንዲጠበቁ ደንግጓል፤ የወንጀል ሕጉም በሕፃናት ላይ የሚፈጸምን የግፍ አያያዝ ይቀጣል።

«መጽሐፈ ምሳሌና ሲራክ ስለ በትር ይናገራሉ» የሚል ቢኖር፣ ከመጻሕፍቱ ጋር ትርጓሜያቸውንም ይዞ ይምጣ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳኑ አባት ለልጁ ሕግ እንዲያበጅ፣ ሕጉንም ያለ ማወላወል እንዲጠብቅ ያዝዛል። ስለ ዱላ ሲናገር ግን ልጁ በትሩን ይፍራው እንጂ አዘውትሮ አይቅመሰው ይላል፤ ዘወትር የሚመታ ልጅ በትሩን መናቅ ይማራልና። የልጁን ነፍስ በከተማ መስሎ ዐይንን፣ ጆሮን፣ አንደበትን፣ አፍንጫንና መዳሰስን የከተማይቱ በሮች ያደርጋቸዋል፤ የወላጅም ሥራ በየበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን መጠበቅ ነው። ይህን ያስተማረው አባት ራሱ በወጣትነቷ ባሏን በሞት ባጣች እናት፣ በአንቱዛ፣ ያደገ ነው። የበር ጠባቂ ሰው አይደበድብም፤ በሩን ያውቃል፣ ሰዓቱን ያውቃል፣ የሚገባውንም ይለያል።

በድንበርና በቁጣ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ምልክቱ ቀላል ነው። ቁጣ በሌሊት ይነገራል፤ ድንበር በቀን። ቁጣ ልኩን አያውቅም፤ ድንበር ልኩን ቀድሞ ይናገራል። ቁጣ በማግሥቱ ይጸጸትና በድብቅ ገንዘብ ይሰጣል፤ ድንበር በማግሥቱም ያው ነው።

እንደ ቀኖና ይሁን

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። «ቀኖና» የሚለው ቃል ከግሪኩ የመጣ ሲሆን መለኪያ ዘንግ ማለት ነው። ንስሐ አባት ለተነሳሒ ቀኖና ሲሰጥ ይህን ይህን ታደርጋለህ፣ ይህን ያህል ቀን ይላል፤ መጠኑ የታወቀ ነው። እንደ በሽታው ይለያያል፤ ለደካማ ይቀልላል። ፍጻሜ አለው፤ ፍጻሜውም ሥጋ ወደሙ ነው። ሰጪውም በጠላትነት አይሰጠውም፤ ስለ ልጁ አብሮ ይጾማል። በቤት የሚበጅ ድንበርም ይህንኑ መልክ ቢይዝ መልካም ነው።

እንግዲህ ድንበር የምታበጁ ወላጆች፦ ጥቂት ይሁን፤ ልትጠብቁት የማትችሉትን ሕግ አታውጡ፤ ዐሥር ሕግ አውጥታችሁ ዘጠኙን ከምትሽሩ አንዱን አውጥታችሁ አጽኑ። አባትና እናት አንድ ቃል ይናገሩ፤ አባት የከለከለውን እናት በጓዳ የምትሰጥ ከሆነ ልጁ የሚማረው ሕግን ሳይሆን ተንኮልን ነው። ሕጉ ሲጣስ የሚመጣውን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ያላችሁትንም ብቻ አድርጉ፤ አትጨምሩበት፣ አትቀንሱለት። የመመለሻውን መንገድ ከሕጉ ጋር አብራችሁ ንገሩት፤ «ይህን ስታደርግ ይህ ይመለስልሃል» በሉት። ስሙን አታጥፉ፤ በእንግዳ ፊት «ሱሰኛው» ብላችሁ አትጥሩት፤ በክርስትና ስሙ ጸልዩለት።

የሐዋሳ ደጃፎች

ይህ ሁሉ በአየር ላይ የሚነገር ትምህርት አይደለም፤ የምንኖርባትን ከተማ እንወቃት። ሐዋሳ በሐይቋና በታቦር ተራራ መካከል ያማረች ከተማ ናት፤ ነገር ግን ጫት ከወንዶ ገነትና ከሲዳማ ወረዳዎች በየዕለቱ ትኩስ ሆኖ የሚገባባት ከተማም ናት። የጫት ቅጠል ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ ፈጥኖ ስለሚቀንስ፣ በጠዋት የተቀነጠሰው ከሰዓት በኋላ በልጆቻችን እጅ መድረስ አለበት። ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ ይጠፋል፤ እንቅልፉን ለመመለስ «ጨብሲ» ተብሎ መጠጥ ይከተላል፤ ከመጠጡ ጋር ውርርዱ። ልጁ ያለበት ሰንሰለት እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ ሰንሰለቱን በየቀኑ የሚቀባው ዘይት ደግሞ ከእናት ቦርሳ የሚወጣው ገንዘብ ነው። ገንዘቡን መከልከል ልጁን መጥላት አይደለም፤ ዘይቱን ማቋረጥ ነው።

ሕጉ እንኳ ከእኛ ቀድሟል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። መንግሥት ለሻጩ ያበጀውን ድንበር ወላጅ ለቤቱ ቢያበጅ፣ «ጨካኝ» የምንለው በየትኛው ሕግ ነው?

እኛስ የት ነበርን?

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ስለ እልከኛ ልጅ የተጻፈውን ከባድ ሕግ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሐዲስ ኪዳን ምሕረት የተሻረውን ፍርድ ለመመለስ አላነሣውም። ነገር ግን በዚያ ሕግ ውስጥ የተሸሸገ አንድ ርኅራኄ አለ፦ አባትና እናት በአንድነት ወደ ከተማው ሽማግሌዎች፣ ወደ አደባባዩ በር እንዲሄዱ ታዝዟል። በብሉይ ኪዳን እንኳ ወላጅ በእልከኛ ልጁ ላይ ብቻውን እንዲወስን አልተተወም፤ ሸክሙን ከተማው ተሸከመ። እኛ የጸጋ ልጆች የሆንነው ግን አንዲት ባል የሞተባትን እናት በሌሊት 7 ሰዓት ከበሩ ኋላ ብቻዋን ተውናት፤ ሲነጋም ሄደን ፈረድንባት።

የራሴንም በደል ልናዘዝ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከእኔ ጋር መዝሙር ያጠና የነበረ አንድ ወንድም በዚህ መንገድ መሄድ በጀመረ ጊዜ ሁለት ነገር አደረግሁ። «ለትራንስፖርት» እያለ ሲጠይቀኝ እውነቱን እያወቅሁ ገንዘብ ሰጠሁት፤ እንቢ ማለት ስላሳፈረኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ ነገሩ በታወቀ ጊዜ፣ ከአገልግሎት እንዲወጣ በተወሰነበት ስብሰባ ላይ ዝም አልሁ፤ ማንም ወደ ቤቱ ሳይሄድ፣ የመመለሻ መንገድም ሳይነገረው ስሙ ከመዝገብ ተሰረዘ። ብቻችንን ስንሆን ልል፣ ስንሰበሰብ ጨካኝ ሆንን። በአንዱም ቦታ ድንበር አላበጀንለትም፤ በአንዱም ቦታ አልወደድነውም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ በሐዘኔታ ራሳችንን እንድንነቀንቅ አይደለም። በመካከላችን አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ድንበር ባበጁ ጊዜ፣ በዚያው ሌሊት ከእኛ አንዱ አብሯቸው ይደር። የክርስትና አባት በጥምቀት ቀን ብቻ የሚቆም ምስል አይደለምና ልጁን ፈልጎ ያነጋግረው። ከወንድሞች መካከል ማደሪያ ያለው ለልጁ አልጋ ያዘጋጅለት፤ ነገር ግን በዚያው ሕግ ያሳድረው፤ ጫት የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ጠዋት ወደ እናቱ ቁርስ አብሮት ይሂድ። ማናችንም ከወላጆቹ ተደብቀን ገንዘብ አንስጥ። በማኅበር ላይ ስለ ልጁ የሚወራውን ወሬ የሚጀምር ቢኖር «ሄደህ አይተኸዋል?» ብለን እንጠይቀው። በአገልግሎት ላይ ያለ ወጣት ሲወድቅም ከመዝገብ ስሙን ከመፋቃችን በፊት፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ሆነን መለያውንም መመለሻውንም በአንድ ቀን እንንገረው።

በሐምሌ 19 የምናከብረውን አስቡ። ቅድስት ኢየሉጣ የሚፈላውን ጋን ባየች ጊዜ ልቧ ፈራ፤ ያጸናት የሦስት ዓመቱ ልጇ ቂርቆስ ነው። እናት ሁልጊዜ ጽኑ አይደለችም፤ አንዳንድ ጊዜ አጠገቧ ቆሞ «በርቺ» የሚላት ያስፈልጋታል። ልጇ ራሱ በእሳቱ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ያን ቃል ሊላት የሚገባው ማን ነው? እኛ አይደለንምን?

እኚያን እናት ባለፈው ሰንበት አገኘኋቸው። ንስሐ አባታቸው አጽናንተዋቸው ወደ ሥጋ ወደሙ ቀርበዋል። ልጁ አልተለወጠም፤ አንዳንድ ሌሊት ይመጣል፣ አንዳንድ ሌሊት አይመጣም። በሩ አሁንም በምሽቱ 4 ሰዓት ይዘጋል። «ቁርሱን ግን አንድም ቀን አስቀርቼ አላውቅም፤ ሲመጣ ይበላል፣ ሳይመጣ ሲቀር ለነዳይ እሰጠዋለሁ» አሉኝ። ከዚህ በላይ ስብከት አላውቅም።

በእንቁላሉ ጊዜ ያልቀጣን ብንሆን እንኳ በበሬው ጊዜ መከልከል እንችላለን። የረፈደ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልጁ እስካለ ድረስ አልመሸም።

አምላከ ቅዱሳን የጠፉትን ልጆቻችንን ወደ ልባቸው ይመልስልን፤ ለወላጆቻቸውም ጽናትን፣ ለእኛም አብሮ የመቆምን ልብ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።